የሃይድሮጅን ዕቅዳችን ከገበሬው ማሳ ይጀመር



ጕዳዩ ሃይድሮጅን ስለሚባለው ኃይልና አገራችን በዚሁ ኃይል ለመጠቀም ልታወጣው ስለሚገባት ብሔራዊ ዕቅድ ነው። እኔ የኬሚስትሪ ሊቅ አይደለሁም። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በመንግሥት መሥሪያ ቤት ዕቅድ በማርቀቅ፥ መዝገብ በማገላበጥና ሒሳብ በመደመር ነው። ይሁን እንጂ ስለ አገር ዕቅድ አሳብን መግለጥ ለሊቃውንት ብቻ የተተወ ሥራ ስላይደለ፥ በበኩሌ የመሰለኝን ለመጻፍ ብዕሬን አንሥቻለሁ።

ነገሩን ያነሣሣው ከጥቂት ሳምንታት በፊት በመሥሪያ ቤታችን ክበብ የተደረገ ክርክር ነው። ከምሳ በኋላ ሻይ ይዘን እንደ ተቀመጥን አንድ ወጣት ባልደረባችን፥ ሌሎች አገሮች የሃይድሮጅን ብሔራዊ ስትራቴጂ እያወጡ ስለሆነ እኛም ወደ ኋላ ሳንቀር ማውጣት አለብን ሲል ጀመረ። እውነቱን ነው፤ ጃፓን የመጀመሪያውን ስትራቴጂዋን ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ2017 ሲሆን፥ ጀርመን በ2020፥ ናሚቢያ በ2022፥ ጎረቤታችን ኬንያ ደግሞ በ2023 አውጥተዋል። ሁለተኛው ባልደረባ፥ ዋናው ነገር መኪናዎቻችን ሁሉ በዚሁ ጋዝ እንዲሄዱ ማድረግ ነው አለ። ሦስተኛው፥ የለም፥ ወደ አውሮፓ ሸጠን የውጭ ምንዛሪ እናግኝበት አለ። በመጨረሻ ጡረታ ለመውጣት ጥቂት ወራት የቀራቸው አንድ አዛውንት ባልደረባችን ብርጭቆአቸውን አስቀመጡና፥ «ልጆቼ፥ ሁሉንም ሰማሁ፤ ለመሆኑ ይህ የምትሉት ነገር የሚጠቅመው ማንን ነው? ስንትስ ያስከፍለናል?» ብለው ጠየቁ። ሁላችንም ዝም አልን። የምሳው ሰዓት አበቃና ወደየቢሯችን ገባን። እኔን ግን ጥያቄው እስከ ቤቴ ድረስ ተከተለኝ።

ጥያቄው የከበደኝ ያለ ምክንያት አይደለም። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ በእርሻ የሚተዳደር ታናሽ ወንድም አለኝ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ስልክ ደውሎ፥ «ጋሼ፥ በቆሎው ጕልበት ደርሷል፤ ዩሪያው ግን የለም» አለኝ። ሌሊት እየተነሣ ወረፋ ይይዛል፤ ማታ ባዶ አህያውን እየነዳ ይመለሳል። እኔም ከአዲስ አበባ ሆኜ ይረዱኛል ወዳልኳቸው ሰዎች ሁሉ ደወልኩ፤ «በመንገድ ላይ ነው» ከሚል በቀር ያገኘሁት መልስ የለም። በመጨረሻ ከአንድ ነጋዴ ግማሽ ኩንታል በእጥፍ ዋጋ ገዝቶ በተነ፤ ያልደረሰው ማሳ ቢጫ ሆኖ ቀረ። ዝናብ ቀጠሮ አይሰጥም። በሰኔ ያልተገኘ ማዳበሪያ በመስከረም ቢመጣ፥ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ነው።

አንባቢ፥ የማዳበሪያ ወሬ ከሃይድሮጅን ጋር ምን አገናኘው ይል ይሆናል። መገናኛው ይኸውና። የምንተነፍሰው አየር አብዛኛው ክፍል ናይትሮጅን ነው፤ ሆኖም ጤፉም ሆነ በቆሎው ይህን ናይትሮጅን ከአየር ላይ በቀጥታ ሊወስደው አይችልም። ፍሪትዝ ሃበርና ካርል ቦሽ የተባሉት ጀርመናውያን ባገኙት ዘዴ መሠረት፥ እ.ኤ.አ. ከ1913 ጀምሮ ናይትሮጅንን ከሃይድሮጅን ጋር በታላቅ ግፊትና ሙቀት በማዋሐድ አሞኒያ የሚባለው ነገር በፋብሪካ ይሠራል። ዩሪያም ሆነ ሌላው የናይትሮጅን ማዳበሪያ የሚወጣው ከዚሁ አሞኒያ ነው። ስለዚህ ወንድሜ በወረፋ የጠበቀው ማዳበሪያ በሌላ አገር ከተሠራ ሃይድሮጅን የተገኘ፥ በመርከብ ተጭኖ በጅቡቲ በኩል የሚገባ ዕቃ ነበር። በዛሬው ዓለም ሃይድሮጅን በብዛት የሚጠፋው በነዳጅ ማጣሪያዎችና በአሞኒያ ፋብሪካዎች ውስጥ ነው እንጂ በመኪና አይደለም።

ሌላም ሊታወቅ የሚገባው ነገር አለ። ሃይድሮጅንን እንደ ድንጋይ ከሰል ተቆፍሮ እንደሚወጣ ኃይል አድርጎ መቍጠር ያሳስታል። በአብዛኛው ከተፈጥሮ ጋዝ ወይም ከድንጋይ ከሰል ይለያል፤ አለዚያም ውሃን በኤሌክትሪክ በመሰንጠቅ ይገኛል። እንስራ ውሃ ይይዛል እንጂ ምንጭ አይደለም፤ ሃይድሮጅንም እንደዚሁ ከሌላ ምንጭ የተቀዳ ኃይል የሚይዝ ዕቃ ነው። እንግዲህ ዕቅድ የሚያወጣ ሰው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ስለ ምንጩ ነው።

በዚያው ምሽት እርሳስ ይዤ ሒሳቡን ለማድረግ ሞከርኩ። አንድ ኪሎ ሃይድሮጅን ከውሃ ለመለየት ከ50 እስከ 55 ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ይፈጃል። ለአንድ ኩንታል ዩሪያ 57 ኪሎ ያህል አሞኒያ፥ ለዚህ አሞኒያ ደግሞ 10 ኪሎ ያህል ሃይድሮጅን ያስፈልጋል። የማመቂያው መሣሪያና ሌላው ሥራ የሚወስደው ሲጨመርበት፥ አንድ ኩንታል ዩሪያ ከውሃ ለመሥራት ከ550 እስከ 600 ኪሎዋት ሰዓት ይጠይቃል ማለት ነው። በእኔ ቤት የእንጀራው ምጣድ ጭምር ተቆጥሮ በወር የምንፈጀው 190 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ስለዚህ አንድ ኩንታል ዩሪያ የአንድ ቤተሰብን የሦስት ወር መብራት ይበላል።

ሒሳቡን ወደ አገር መጠን ከፍ እናድርገው። ኢትዮጵያ በቅርብ ዓመታት በየዓመቱ የምታስገባው ልዩ ልዩ ማዳበሪያ ከ20 ሚሊዮን ኩንታል የሚያልፍ ሆኗል። ከዚህ ውስጥ 10 ሚሊዮን ኩንታል ዩሪያ ብቻ ከውሃ እንሥራ ብንል፥ ከ5.5 እስከ 6 ቢሊዮን ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልገናል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድባችን በዓመት እንዲያመነጭ የታሰበው 15.7 ቢሊዮን ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። ይህም ማለት ከግድቡ ኤሌክትሪክ ከሦስት እጅ አንዱን የሚያልፈው ለዚሁ ሥራ ይሄዳል ማለት ነው። ከሕዝባችን ግማሽ የሚጠጋው ገና መብራት ያላገኘ መሆኑን ስናስብ፥ የአዛውንቱ ባልደረባችን ጥያቄ ምን ያህል የበሰለ እንደ ነበረ ይገባናል።

ደግሞስ ይህ አሳብ አዲስ አይደለም። ኖርዌጃውያን በርዩካን አጠገብ ባለው በቬሞርክ የውሃ ኃይል ማመንጫ፥ ከ1920ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ውሃን በኤሌክትሪክ እየሰነጠቁ ለማዳበሪያ የሚሆን ሃይድሮጅን ሲሠሩ ኖረዋል። ግብጻውያንም በአስዋን ኪማ የተባለውን ፋብሪካ አቋቁመው እ.ኤ.አ. በ1960 በግድቡ ኤሌክትሪክ ከውሃ ሃይድሮጅን፥ ከሃይድሮጅንም ማዳበሪያ ማውጣት ጀመሩ። ያ ዓመት በእኛ አቈጣጠር የቆቃ ግድብ የተመረቀበት 1952 ዓ.ም. ነው። የቆቃ ኤሌክትሪክ ለአዲስ አበባ መብራት በሆነበት ዘመን፥ አብዛኛው ከእኛ ተራሮች የወረደው የዓባይ ውሃ በአስዋን የማዳበሪያ ፋብሪካ ያንቀሳቅስ ነበር። ይህን የማነሣው ለቅናት ሳይሆን ለትምህርት ነው። በደቡብ አፍሪካ ክፍለ ዓለም በኩልም ዚምባብዌ በክዌክዌ ከተማ ይህንኑ ሥራ ለብዙ ዓመታት ሠርታለች።

ትምህርቱ ግን በመጀመራቸው ብቻ ሳይሆን በመጨረሻቸውም ላይ ነው። ኖርዌጃውያን ርካሽ ዘይትና ጋዝ ሲመጣ ውሃ መሰንጠቁን ተዉት። የአስዋኑ ፋብሪካ፥ የኤሌክትሪክ ፍላጎት በአገሩ ከበዛ በኋላ፥ በተፈጥሮ ጋዝ በሚሠራ አዲስ ፋብሪካ ተተካ። የዚምባብዌው ደግሞ ኤሌክትሪክ በጠፋበት ጊዜ እ.ኤ.አ. በ2015 ውሃ መሰንጠቁን አቆመ። ከእነዚህ መካከል አንዱም ዘዴው ስለማይሠራ አልቆመም። ያቆማቸው የኤሌክትሪኩ ዋጋና የኤሌክትሪኩ ሌላ ፈላጊ ነው። ስለዚህ ኤሌክትሪኩ ለስንት ዓመት፥ በምን ዋጋ፥ ከማን ተቀንሶ እንደሚሰጥ በግልጥ ያልተጻፈበት የሃይድሮጅን ስትራቴጂ፥ ሽፋኑ ምንም ቢያምር ስትራቴጂ ሊባል አይገባውም።

በአገራችንስ ምን ተደርጓል? በያዩ ከድንጋይ ከሰል ማዳበሪያ እንሠራለን ተብሎ በ2004 ዓ.ም. የተጀመረው ሥራ ሳይፈጸም ቀርቷል። በኅዳር 2009 ዓ.ም. ደግሞ ከሞሮኮ ጋር በድሬዳዋ ፋብሪካ ለመትከል ስምምነት ተፈርሞ ነበር፤ ገበሬው ግን እስከ ዛሬ ከዚያ የወጣ አንድ ከረጢት አላየም። አሁን በመስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. በጎዴ የመሠረት ድንጋይ የተጣለለት ፋብሪካ አለ። ይህ ፋብሪካ በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ከዳንጎቴ ጋር በሽርክና የሚሠራ ሲሆን፥ ከካሉብና ከሂላላ በሚመጣው ጋዝ በዓመት 30 ሚሊዮን ኩንታል ዩሪያ እንዲያወጣ የታሰበ ነው። ማንም እንዲህ ብሎ ሲጠራው ባልሰማም፥ ሥራው ሲፈጸም የአገራችን የመጀመሪያው ታላቅ የሃይድሮጅን ፋብሪካ እርሱ ይሆናል፤ ያን ያህል ዩሪያ ለመሥራት በዓመት 300 ሺህ ቶን ያህል ሃይድሮጅን ከጋዙ መለየት ግድ ነውና። እንግዲህ ሃይድሮጅን ወደፊት የሚመጣ እንግዳ አይደለም፤ በዚህ በኩል በራችንን አንኳኵቶ ቆሟል።

«የጎዴው ፋብሪካ ካለ ሌላው ለምን ያስፈልጋል?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በዛሬው ዋጋ ከጋዝ የሚሠራው ሃይድሮጅን ከውሃ ከሚሠራው እንደሚረክስ አልክድም። ነገር ግን ጋዝ ያልቃል፤ የአንድ አገር እርሻም በአንድ ፋብሪካና በአንድ ቧንቧ ላይ ብቻ ሲንጠለጠል አያስተማምንም። ከዚህም በላይ ዩሪያ ለመሥራት ከአሞኒያው ጋር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስፈልጋል። ይህ ከጋዝ ሲሠራ አብሮ ይገኛል፤ ከውሃ ሲሠራ ግን የለም። ስለዚህ ውሃው የዩሪያ ተወዳዳሪ ከሚሆን ይልቅ ሌላ ዓይነት ማዳበሪያ ቢሠራበት ይሻላል። አሞኒያው ወደ ናይትሬት ተለውጦ ከተፈጨ የኖራ ድንጋይ ጋር ሲቀላቀል ካልሲየም አሞኒየም ናይትሬት የተባለው ማዳበሪያ ይገኛል፤ ለዚህ ካርቦን አያስፈልግም። የኖራ ድንጋይ በሙገርም በደጀንም ሞልቶልናል። በምዕራቡ ደጋ ያለው ሰፊ መሬታችን በአሲድ የተጎዳ ስለሆነም፥ ኖራ ያለበት ማዳበሪያ ከዩሪያ ያነሰ ይጎዳዋል።

ከዚህ ተነሥቼ ዕቅዱ ሊይዛቸው ይገባል የምላቸውን ነጥቦች በአጭሩ ላቅርብ።

አንደኛ፥ የአገልግሎቱ ቅደም ተከተል ይወሰን። ሃይድሮጅን በመጀመሪያ ለማዳበሪያ፥ ቀጥሎ ሌላ ምትክ ለሌላቸው ፋብሪካዎች፥ ከዚያ በኋላ ለሌላው ይሁን። ኬንያም በስትራቴጂዋ ያስቀደመችው የአገር ውስጥ ማዳበሪያን ነው።

ሁለተኛ፥ የኤሌክትሪኩ ድርሻ በቍጥር ይጻፍ። በቅርብ ዓመታት ኤሌክትሪካችን ቢትኮይን ለሚያመርቱ ኮምፒውተሮች ሲሸጥ አይተናል። ለኮምፒውተር የተገኘ ኃይል ለማሳ አይገኝም ማለት አይቻልም። ቢሆንም የፋብሪካው ድርሻ ገና ኩራዝ ከሚያበራው ቤት ላይ መወሰድ የለበትም።

ሦስተኛ፥ በትንሹ ይጀመር። አሥር ሜጋዋት ኤሌክትሪክ የሚሰነጥቀው ውሃ፥ ፋብሪካው ዓመቱን ሙሉ ሳያቋርጥ ቢሠራ፥ ከ200 ሺህ ኩንታል የሚበልጥ ካልሲየም አሞኒየም ናይትሬት ለማውጣት ይበቃል። ይህ ለአገር ጥቂት ነው፤ ለጥቂት ወረዳዎች ግን ብዙ ነው። ቢከስር ኪሳራው አገር አይጎዳም፤ ቢሳካ ደግሞ የምናሰፋው በራሳችን ሒሳብ ላይ ተመሥርተን ይሆናል።

አራተኛ፥ ሰውና ደንብ ከመሣሪያው ይቅደሙ። ሃይድሮጅን በትንሽ ቀዳዳ የሚያመልጥ፥ በቀን ብርሃን ነበልባሉ የማይታይ ጋዝ ነው። አሞኒያ ይመርዛል። እ.ኤ.አ. በ2020 በቤይሩት ወደብ የደረሰው ጥፋትም ያለ ጠባቂ የተከማቸ አሞኒየም ናይትሬት ምን እንደሚያደርግ አሳይቶናል። ስለዚህ የቴክኒክ ትምህርት ቤቶቻችን ሠራተኛውን፥ የደረጃ መዳቢዎቻችንም ደንቡን ፋብሪካው ከመተከሉ አስቀድመው ያዘጋጁ።

አምስተኛውን ነጥብ ያስተማሩኝ አዛውንቱ ባልደረባችን ናቸው። ሒሳቤን በአንድ ወረቀት ላይ ገልብጬ በማግሥቱ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡና፥ «ቍጥሩ ደኅና ነው፤ ፊርማው የማን ነው?» አሉኝ። ምን ለማለት እንደ ፈለጉ ወዲያው ገባኝ። ኤሌክትሪኩ የአንዱ መሥሪያ ቤት፥ ውሃው የሌላው፥ ማዳበሪያው የሦስተኛው፥ ገንዘቡ የአራተኛው፥ ፋብሪካው የአምስተኛው ነው። የሁሉም የሆነ ሥራ የማንም ሳይሆን ይቀራል። እንግዲህ ዕቅዱን ተረክቦ የሚመራ፥ በየዓመቱም ምን ያህል እንደ ተሠራና ምን ያህል እንደ ቀረ በጋዜጣ ለሕዝብ የሚገልጥ አንድ ተጠያቂ መሥሪያ ቤት በስም ይሰየም።

ስለ መኪናውና ወደ ውጭ ስለ መሸጡ አሳብ ያቀረቡትን ባልደረቦቼን ንቄ እንዳላለፍኳቸው እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ። ነገር ግን አገራችን በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከልክላ የኤሌክትሪክ መኪናን መርጣለች። ኤሌክትሪክ በባትሪ በኩል ሲሄድ ከመቶው ሰባ እጅ ያህሉ ወይም ከዚያም የሚበልጠው መንኰራኵሩ ላይ ይደርሳል፤ ሃይድሮጅን ሆኖ ተመልሶ ኤሌክትሪክ ሲሆን ግን የሚደርሰው ከሠላሳ እጅ ብዙም አያልፍም። አንድ እንጀራ ለመብላት ሦስት መጋገር ማለት ነው። ወደ ውጭ ስለ መሸጥ ደግሞ፥ ባሕር አጠገብ ያሉት ሞሮኮና ናሚቢያ ከፋብሪካቸው ወደ መርከብ ሲጭኑ፥ እኛ እስከ ጅቡቲ የምንከፍለው ኪራይ አለብን። ደግሞም አሞኒያ ሸጠን ባገኘነው ዶላር ማዳበሪያ ገዝተን ብናስገባ፥ የራሳችንን እህል ሸጠን ዱቄት እንደ መግዛት ይሆንብናል።

በመጨረሻ አንድ ነገር ልናዘዝ። ከዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት ሳለሁ ስለ ሌላ ጕዳይ የተጻፈ ብሔራዊ ስትራቴጂ ካረቀቁት ሰዎች አንዱ ነበርኩ። ወረቀቱ ያማረ፥ ጥራዙ የወፈረ፥ ምረቃውም በትልቅ ሆቴል የተደረገ ነበር። ባለፈው ዓመት ለጕዳይ ወደዚያው ብሄድ፥ ከመደርደሪያው ላይ አቧራ ለብሶ አገኘሁት። ስከፍተው ገጾቹ ገና እርስ በርሳቸው አልተላቀቁም። አፈርኩ። ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ ማን ይፈጽመዋል፥ በምንስ ኃይል ይፈጸማል ብሎ ያልጠየቀው አርቃቂ እኔው ራሴ ነኝና።

የተከበራችሁ የመንግሥት ሠራተኞች ሆይ፤ የሃይድሮጅንም ጕዳይ ዛሬ ወይም ነገ በአንዳችን ጠረጴዛ ላይ መቀመጡ አይቀርም። በዚያን ጊዜ ከጃፓን ወይም ከጀርመን ወረቀት ከመገልበጣችን በፊት፥ በቆሎው ጕልበት ደርሶ ዩሪያ የሚጠብቀውን ገበሬ እናስበው። ዕቅዱ ለእርሱ በሰኔ የሚደርስ ከረጢት ካስገኘ፥ ያን ጊዜ በእርግጥ ብሔራዊ ነው።

ከእኔ የተሻለ ዕውቀት ያላቸው አንባቢያን ሒሳቤን እንዲያርሙልኝና አሳባቸውን በዚሁ ዓምድ እንዲገልጡልን እጠይቃለሁ።


አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ